ሳይጠይቅ እምቢ ያለው ኮምፒውተር

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ!» አለች አክስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። ልጅቷ ግን የሟች አባቷ የሥራ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የኮምፒውተሩን ማውዝ ትቀጠቅጠዋለች።

«አልከፈት አለኝ፣ አክስቴ።»

«እኛ የፈለግነው እኮ አንድ ፎቶ ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲያፈጥ ያሳፍራል። አገር ምድሩን ሲያነሳ የኖረ ሰው የራሱ አንድ ፎቶ ይጥፋ?»

የልጅቷ ነገር ግን ከፎቶው አልፏል። አባቷ የደንበኞቹን ፎቶ ሁሉ ቆልፎ ነበር የሚያስቀምጠው። «የሰው ፊት አደራ ነው» ይል ነበር። የይለፍ ሐረጉን የነገረው ለእሷ ብቻ ነው፤ ያኔ ገና ሆድና ጀርባ አልሆኑም ነበር።

በኋላ ፎቶ ቤቱን ተረከቢኝ ሲላት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ መያዟን ነገረችው። ነገረችው ሲባል ደግሞ በደህና አፍ አይደለም፤ «ካሜራ ይዤ የሰው ጥርስ ስቆጥር አልኖርም!» ነው ያለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ካሜራውን መጥረግ ቀጠለ። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቃትም። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከበር አላለፈም፤ ታመመ ሲሏት ሮጣ ሆስፒታል ስትደርስም አልቆየላትም።

አሁን ደግሞ የፎቶዎቹን ማኅደር በነካች ቁጥር «የይለፍ ሐረጉ ትክክል አይደለም» ይላታል። ምን ጻፈችና! የሚጻፍበት ቦታ እንኳ አላሳያትም።

«ሳይጠይቀኝ ነው እምቢ የሚለኝ» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አስወጥቶኛል። ቂም ይዞብኝ ነው የሞተው።»

«ተይ እንጂ! ወንድሜ ኩርፊያ እንጂ ቂም አያውቅም» አለች አክስቷ። ግን እሷም ልቧ አልሞላም መሰል፣ ወጥታ ሽቦን ጠራችው።

ሽቦ የአባቷ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር ስላልያዘ ነው ይህ ስም የወጣለት። ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ይህ ማሽን የሚሠራበትን ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓትም የጫነው እሱ ነው። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ገባ።

«መጀመሪያ አጥፍተን እናብራው። ከሙያው ግማሹ ይኸው ነው።»

ግማሹ አልሠራም። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ጻፈ፣ አነበበ፣ አገጩን አከከ።

«ጋሼ ሽቦ፣ ምን ይላል?»

«ስሚኝ ልጄ። ቁልፉን የሚከፍተው አንድ ፕሮግራም ነው፤ መስኮት አውጥቶ ሐረጉን የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ። ይኸው፣ ፕሮግራሞቹ ሲታደሱ ማሽኑ መሀል ላይ ጠፍቶ ጠያቂው ሳይጫን ቀርቷል። ጠያቂ ከሌለ መልስ ከየት ይመጣል? መልስ ሲያጣ ጊዜ ትክክል አይደለም ብሎ ደመደመ፤ ድፍን ቅል! ማንም ቢመጣ የሚለው ይህንኑ ነው።»

«እሱ አይደለም ያደረገው?»

«አባትሽ? አባትሽ እንኳን ይህን፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲያልቅበት ተበላሸ ብሎ እኔን የሚጠራ ሰው!»

ጠያቂውን ጫነና ማኅደሩን ነካው። ትንሽ መስኮት ብቅ አለች። ሽቦ ወዲያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሰው የይለፍ ሐረግ ሲጽፍ አያይም።

ልጅቷ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። ጠየቃት፤ እሺ። አባቷ ሐረጉን ቀይሮት ከሆነስ?

አባቷ ልጆችን ሲያነሳ ሳቁ አይልም ነበር። ዓይኑን አፍጥጦ «ዋ! እንዳትስቁ!» ይላቸዋል፤ ያኔ ማን ይችላቸዋል! እሷንም በየልደቷ የሚያስቃት እንደዚያ ነበር።

«እንዳትስቂ ብያለሁ እንዳትስቂ» ብላ ጻፈች።

ተከፈተ።

«አልቀየረውም» አለች። «አክስቴ፣ አልቀየረውም እኮ!» እያለቀሰች ሳቀች።

አክስቷ ተጎንብሳ ፎቶዎቹን ስታይ ቆይታ አንዱን መረጠች። አባትየው አፍጥጦ ቆሟል፤ ግንባሩ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል።

«ማነው እንዲህ ያነሳው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጅ ሆኜ። ካሜራው ከብዶኝ ነበር።»

«ይሄ ይሁን» አለች አክስቷ። ሽቦ ሊያሳትም በፍላሽ ገለበጠው።

ልጅቷ ማኅደሩን ዘጋችው፤ ደግማ ነካችው። ያለ ምንም ጥያቄ ተከፈተ።

«አሁን ያስታውስሻል» አለ ሽቦ። «ለጥቂት ደቂቃ አይጠይቅሽም።»

«ጋሼ ሽቦ፣ በሞቴ እንዲረሳኝ አድርገው። ይጠይቀኝ።»

ሽቦ በጥቁሩ መስኮት አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረ። ማኅደሩን ስትነካው ትንሿ መስኮት ብቅ አለች። ልጅቷ ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገችና አንድ አንድ ፊደል እየለቀመች፣ ሳትቸኩል መጻፍ ጀመረች።