ቅዱስ ሰኞ

ሠዓሊው ኤቫሪስት ጎብሌ ያላየውን መሳል አይሆንለትም። የባቢሎንን ግንብ ከልቡ አፍልቆ በሳለ ጊዜ፣ የፓሪስ ሰው ሁሉ የሠዓሊውን አጎት የርግብ ቤት ለይቶ አውቆበት ነበር። ስለዚህ የቅድስት አጋትን ቤተ ክርስቲያን መፍረስ የሚያሳየው ሥዕሉ ገና ግማሽ ሳለ፣ የማፍረሱን ሥራ የተኮናተረው ፕሉሞ “ነገ ጠዋት ይለኮሳል” ሲል ኤቫሪስት ብሩሹን እንደያዘ ሮጦ ፊቱ ቆመ። የዐምዶቹ እግር ተቦርቡሮ በእንጨት ተደግፏል፤ እንጨቱ ተቃጠለ ማለት ያ የዘመናት ጣሪያ ሹል ቅስቶቹን ይዞ ይወርዳል። በሸራው ላይ ግን የቀኙ ቅስትና ባለቀለሙ መስኮት ገና ባዶ ናቸው።

“ጌታዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ።”

“ንጉሡ ከተወገደ ወዲህ ጌታም፣ እርስዎም የለም! ሁላችን ዜጋ ነን። አንተ በለኝ!”

“እሺ፤ አንተ ዜጋ፣ ታገሠኝ።”

የፕሉሞ ፊት ቲማቲም መሰለ። “አልታገሥህም!”

የአፍራሾቹ አለቃ ባርናቤ ዶማውን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር። “ነገ እኮ ሰኞ ነው፤” አለ።

“ሰኞ የሚባል የለም! በአዲሱ ሕግ ሳምንቱ ዐሥር ቀን ነው።”

“በሕጉ የለም፤ በጉሮሯችን ግን አለ። እሑድን አስረከብን። ጻድቃን ሰማዕታቱን አስረከብን። ይችን ደብር እንኳ በገዛ እጃችን እየናድናት ነው። ቅዱስ ሰኞን ግን አትንኩብን! የእሑዱን ስካር በሰኞ ወይን መሻር ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው በዓል ነው፤ የሻረው እጁ ይደርቃል።”

በማግስቱ አንድ መዶሻ አልተሰማም። ፕሉሞ ብቻውን ችቦ አብርቶ እስከ በሩ ሄደ፤ ወደ ተንጠለጠለው ጣሪያ አንጋጠጠ፤ ችቦውን አጠፋ።

“ማጅራታቸውን ይዤ ነው የማመጣቸው!” ብሎ ከአደባባዩ ማዶ ሠራተኞቹ ወዳሉበት ወይን ቤት ገባ።

አልወጣም። ኤቫሪስት መስኮቱን ቀብቶ ወደ ቅስቱ ሲሻገር፣ ከዘፋኞቹ ሁሉ የፕሉሞ ድምፅ ጎልቶ ይሰማ ነበር፤ በየመሐሉም “አንተ በሉኝ፣ ወንድሞቼ!” እያለ ያለቅሳል።

ማክሰኞ ቅድስት አጋት ወደቀች። አቧራ የለበሱት አፍራሾች ሸራውን ከበቡት።

“እኛስ የታለን?” አለ ባርናቤ ተቆጥቶ።

ኤቫሪስት በብሩሹ ጫፍ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ የወይን ቤት በር አመለከተ። “ውስጥ ናችሁ።”

ባርናቤ ቆቡን አወለቀ። “ባለ በዓሉን ቅዱስ ሰኞን አልረሳኸውም፤ ተባረክ።”

ፕሉሞ ራሱን በእርጥብ ጨርቅ አስሮ ተጠጋ። “እኔስ?”

“አንተም ውስጥ ነህ፣ ዜጋ።”

“ቀስ በል እንጂ፤” አለ ፕሉሞ በሹክሹክታ፤ “እርስዎ በለኝ፤ ሠራተኞቼ ይሰማሉ።”