ከጥናቱ የተሰረዙት ሴቶች

ዙለይካ ከፈረንሳይ ትምህርቷን ጨርሳ ጅቡቲ ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ክሎሮኪን የተባለው ክኒን አሁንም ወባን ያድን እንደሆነ ማጥናት ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2002 ነው። በሽተኛው ክኒኑን ሦስት ቀን እሷ ፊት ይውጣል፤ ከዚያ በሰባተኛውና በአስራ አራተኛው ቀን ተመልሶ ከጣቱ ደም ይሰጣል።

አስራ አንድ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች በሰባተኛው ቀን ቀሩ። ዙለይካ የጣት መውጊያ መርፌዋንና ደም የሚቀባበትን መስታወት ይዛ በየቀጣሪዎቻቸው ቤት ዞረች። አባቷ ከድሬዳዋ የመጡ ነጋዴ ስለሆኑ አማርኛ አላስቸገራትም።

ከመካከላቸው አንዷን፣ ሀዊን፣ ያገኘቻት ልብስ ስታሰጣ ነው። ከንፈሯ በትኩሳት ተሰነጣጥቋል።

«ለምን ቀረሽ?»

«ማዳም ከለከለችኝ። መድኃኒት ከዋጥሽ ምን ያመላልስሻል፣ ስንፍና ነው አለችኝ።»

«ክኒኑን አላስመለሰሽም?»

«ኧረ አላስመለሰኝም። እርስዎ ፊት አይደል የዋጥኩት?»

እውነቷን ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የሀዊ ደም በወባ ተውሳክ ተሞልቷል። ከአስራ አንዱ የዘጠኙ እንደዚያው ነበር። ዙለይካ ውጤቱን ለአለቃዋ ለዶክተር ሙሚን አቀረበች።

«በቀጠሮው ያልመጣ ከጥናቱ ይወጣል» አላት።

«እነሱ ባይመጡም ደማቸው መጥቷል።»

«ወባውንም ከአገራቸው ይዘውት ነው የመጡት።»

«ሀዊ ከዚህ ከተማ ሳትወጣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ዶክተር።»

እስክሪብቶውን አንስቶ አስራ አንዱንም ሰረዘ። ከጥናቱ ስለወጡም ላቦራቶሪው ክሎሮኪን ላልሠራላቸው ያስቀመጠው ሌላ ክኒን አይሰጣቸውም አለ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ሪፖርቱ ማክሰኞ ይቀርባል። ስምሽም በሪፖርቱ ላይ ይሰፍራል፤ ለጀማሪ ቀላል ነገር አይደለም» አላት።

ዙለይካ ወጣች። ካርቲየ 1 ከሚባለው ሰፈር ፋርማሲ ያንኑ ሌላ ክኒን በራሷ ገንዘብ ገዝታ በሽተኞቹን ፍለጋ ሄደች። የሀዊ ማዳም በሩ ላይ ቆማ፣ «ሥራ አላት» ስትላት፣ «ሥራውን ዛሬ እርስዎ ይሥሩት» ብላ ልጅቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሀዊ ዳነች። ሌሎቹም ተራ በተራ ተሻላቸው።

ከዘጠኙ አንዷን፣ ቡርቱካንን፣ ግን አላገኘቻትም። ትኩሳቷ ሲበረታ ቀጣሪዋ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሰዷት ነበር። አይሻ ባቡር ጣቢያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ሞተች።

ማክሰኞ ዕለት ዶክተር ሙሚን ጥናቱን ባዘዙት እንግዶች ፊት ክሎሮኪን በሚገባ እንደሚሠራ አስረድቶ ሲቀመጥ ዙለይካ ተነሳች።

«ያልሠራላቸውን ሰርዘን ነው እንደዚህ ያልነው» አለች። የአስራ አንዱን ሴቶች ስምና ውጤት አንድ በአንድ አነበበች። ቡርቱካን ጋ ስትደርስ፣ «ይቺ በሰባተኛው ቀን ደሟ በተውሳክ የተሞላ ነበር። ሌላውን መድኃኒት ስንከለክላት በሕይወት ነበረች» አለች።

እንግዶቹ ሪፖርቱን ሳይቀበሉ መለሱት፤ ጥናቱም እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ። የዙለይካ ውል ግን በዚያው ወር አልታደሰም። ዶክተር ሙሚን በቦታው ቀረ። አዲሱንም ጥናት እንዲመራ የተመደበው እሱ መሆኑን ስትሰማ ዙለይካ ተቀምጣ የሴቶቹን ውጤት በሙሉ እንደገና በእጇ ጻፈችና፣ ጥናቱን ላዘዙት እንግዶች ዳግም ቢሰረዙ በእጃቸው እንዲኖር ለእያንዳንዳቸው ላከች።