የሉልሰገድ ጆሮ

ደብሪቱ ሲስተር ምብራትን መርገም ከጀመረች ሳምንቷ ነው። "መርፌ አወጋግ የማታውቅ!" ትላለች፣ ነርሷ እየሰማች። ምን ታድርግ! ለትኩሳት ብሎ ሆስፒታል በእግሩ የገባ ባሏ ሉልሰገድ እየደነቆረ ነዋ።

ሉልሰገድ የፒያሳ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁ ሲፈርስ እንኳ አልተበገረም፤ አፍንጮ በር ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ጠረጴዛውን ዘርግቶ ቀጠለ። ዓይኑ ከደከመ ቆይቷል። የግድግዳ ሰዓት ሲያመጡለት ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥና "አንዷ ጥርስ ተበልታለች" ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

ሆስፒታል በገባ ዕለት ደሙ ተመረመረና "ጀርም አለበት" ተባለ። ከዚያ ጠዋት ማታ ብርቱ መርፌ ሆነ። በሳምንቱ "ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ" ቢል፣ "ዕድሜ ነው" አሉት። ዕድሜ! ለሽማግሌ ሁሉ ይቺኑ መልስ ነው የሚሰጡት።

ዛሬ ዶክተር ቃለአብ ደብሪቱን አልጋው አጠገብ አስቀመጣት።

"እማማ፣ በማግስቱ የወሰድነው ደም ንጹሕ ነበር። ወረቀቱ ቢሮ ተቀምጦ ዛሬ ደረሰኝ። ጀርሙ ደማቸው ውስጥ አልነበረም፤ ከቆዳቸው ላይ ነው ከናሙናው ጋር የገባው። ጆሯቸውን የጎዳው መድኃኒቱ ስለሆነ መርፌውን አቁመናል። ጆሯቸው ግን የሚመለስ አይመስለኝም።"

"አላልኩም! የዚች ምናምንቴ ሥራ ነው!"

"ክንዳቸው በአልኮል ከተጠረገ በኋላ እጅ ወይም ውሃ ሳይነካው አልቀረም።"

ደብሪቱ የሉልሰገድን ክንድ አየች። ወይ ጉዷ! በገባ ዕለት ደሙ ሲወሰድ፣ ነርሷ ክንዱን ጠርጋ የደሙን ጠርሙስ ልታነሳ ዞር ስትል፣ እሷ ከጉያዋ ጸበል አውጥታ በጣቷ አማተበችበት። ምብራት አይታለች። ደግማ መጥረግ ነበረባት፤ ግን በእናቷ ዕድሜ ያለችን ሴት ጸበል በአልኮል መጥረግ ከበዳትና "እግዜር ይማርልን" ብላ መርፌውን ሰካች። ምነው እጄን በቆረጠው፣ አለች ደብሪቱ በሆዷ።

ቀና ስትል ምብራት በሩ ላይ ቆማለች። ሳምንት ሙሉ ስትሰደብ የጸበሉን ነገር አላነሳችም።

"ምን አለ ሐኪሙ?" ሲል ጮኸ ሉልሰገድ።

ደብሪቱ ጆሮው ላይ ተደፍታ፣ "ድነሃል!" አለችው።

ፊቱ በራ። ያንኑ እጇን ስቦ ሳመው።

"አላልኩሽም? ያቺ ጸበልሽ ናት!" አለ፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪሰማ።