የጋሽ ሚኒሞ ወንበር

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የምትሰድብበት ቃል አልቆባት አያውቅም። ጠዋት "ሥራ ፈት" ብላ ትጀምራለች፤ ለምሳ ስትመጣ "ቦዘኔ" ይሆናል፤ ማታ ደክሟት ስትገባ ደግሞ "አሁንም እዚያው ተጎልተሃል?" ትላለች። እሱ ምን ተዳው! ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በረንዳው ላይ ካለችው አሮጌ ወንበር ንቅንቅ የለም። የአውቶቡስ ሹፌር ነበርና "ሞተሩ መቼ ጠፋ? ሚኒሞ ላይ ነው" ይላታል፤ መኪና ቆሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ማለቱ ነው። ሰፈሩ ይህን ሰምቶ "ጋሽ ሚኒሞ" አለው፣ በዚያው ቀረ።

"ለመሆኑ ምን ስታይ ትውላለህ?" ትለዋለች።

"ምንም።"

"ታድለህ!"

የእሷ ሱቅ ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። አንድ ቀን ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት ትልቁ መስታወት ወድቆ ተሰበረና ቀኝ እጇን አንጓዋ ላይ ቀደዳት። ጮኻ እንኳ ሳትጨርስ ባሏ አጠገቧ ነበር። አንዱ ጫማው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሸሚዙን አውልቆ ክንዷን ጥፍር አድርጎ አሰረው።

ሐኪሙ ጅማቷን ከሰፋ በኋላ "ቶሎ ባይታሰር ኖሮ እጁ ቀርቶ እርስዎም አይተርፉም ነበር" አላት። "እንግዲህ እኔ ሰፍቻለሁ፤ እርስዎ ደግሞ እንዳይተረትሩት። ሁለት ወር ይህች እጅ ሥራ ትፍታ። ካንቀሳቀሷት መርፌ መያዝ ቀረ ማለት ነው።"

እሷ ደግሞ መርፌ ካልያዘች ምኑን ኖረችው? ፈራች።

ባሏ ወንበሩን ለቀቀላት። "በይ የኔ እመቤት፣ ሙያውን ላስተምርሽ። መጀመሪያ ትከሻሽን ጣል አድርጊ። ከዚያ ምንም አታድርጊ።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ምንም አልኩሽ እኮ!"

"ወይ ጣጣዬ!" አለች።

ጥቂት ቀን እንደ ምንም ቻለችው። ከዚያ ግን ግማሽ ላይ የቀረ የጎረቤት ቀሚስ እንቅልፍ ነሳት። ባሏ የተሰፋውን ልብስ ለደንበኞች ሊያስረክብ ሱቅ ሲሄድ ጠብቃ፣ ከሱቅ አስመጥታ የደበቀችውን ቀሚስ እግሯ ላይ ከጣለችው ብርድ ልብስ ሥር አወጣች። በግራ እጇ ክሩን እንደ ምንም አስገባችና መርፌውን በፋሻ ከተጠቀለሉት ጣቶቿ መሃል ሰካችው። አንዴ ብቻ፣ ጫፉን ብቻ ብላ። መምጣት አለመምጣቱን ለማየት ቀና አለች።

ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ወደ ፊት አጥብቃ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በግራ በኩል የጎረቤት ግንብ ነው፤ በቀኝ የዛፍ ግንድ። ላይ ታች የሚል መንገደኛ እንኳ አይታይም። የሚታየው የሱቋ መስኮት፣ ከአቧራማው መስታወት ጀርባ ደግሞ የስፌት መኪናዋና የእሷ መቀመጫ ብቻ ነው። ወንበሩን ልታዞረው ገፋ አደረገችው፤ እግሮቹ ሲሚንቶውን በልተው አጎድጉደውታልና እምቢ አለ።

መርፌው በእጇ እንዳለ ሸሚዙና በመንገድ ላይ የቀረው ጫማ ትዝ አሏት። ያን ቀን ማን ጠራው? ማንም አልጠራውም።

"አይ አንቺ!" አለች ራሷን። መርፌውን ነቅላ ወረወረችው፤ እንባዋም መጣ። ትከሻዋን ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

ባሏ ሲመለስ ዓይኗ ቀልቷል። "ምነው? ምን ስታዪ ዋልሽ?"

"ምንም" አለችው።

ሁለት ወሩ አልፎ ፋሻው ተፈታ፤ እጇም እንደ ድሮው ታዘዘላት፤ ባሏም ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሱቋን የከፈተች ቀን ግማሽ የቀረውን ቀሚስ አልነካችውም። የስፌት መኪናዋንም አልገለጠችም። እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ ስንት ዓመት አቧራ የጠጣውን የመስኮት መስታወት በውስጥም በውጭም ወለወለችው።