ክፍያ በኮር

ኤቢሴ ከኮልፌ 18 ማዞሪያ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተጣብቃ የሆስፒታሉን መዝገብ የሚይዘውን ዳታቤዝ የፈቃድ ደንብ፣ ገጽ አርባ አንድን፣ በስልኳ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። አልተለወጠም። የዳታቤዙ ባለቤት ድርጅት ፈቃዱን የሚሸጠው በሰርቨር ሳይሆን በኮር ቁጥር ነው ይላል። ኮር ማለት ሰርቨሩ ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን የሚያቀላጥፈው እያንዳንዱ አንጎል ነው። እሷ ተከራክራ ያስመረጠችው ሰርቨር ደግሞ መቶ ሃያ ስምንት ኮር አለው።

 

ኤቢሴ ይህን ሥራ የተማረችው ከማንም እግር ሥር ተቀምጣ አይደለም። ማዞሪያው አጠገብ ባለች የስልክ ጥገና ሱቅ የሰው ላፕቶፕ እየፈታች፣ ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ማኑዋል እያነበበች ነው ያደገችው። አሁን በአየር ጤናና በዘነበወርቅ መሃል ባለ የግል ሆስፒታል የሲስተም ባለሙያ ናት። ዲግሪ የላትም፤ ምላስ ግን ሞልቷታል።

ሆስፒታሉ የሕሙማን መዝገብና የራጅ ምስል ሁሉ የሚቀመጥበት ትልቅ ሰርቨር ለመግዛት ጨረታ አውጥቶ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ተጫራቾች ቀርተው ነበር። አንደኛው ባለ ሠላሳ ሁለት ኮር፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ብር ከምናምን። ሁለተኛው ባለ መቶ ሃያ ስምንት፣ ሰባት ሚሊዮን የማይሞላ። የኤቢሴ ክፍል ኃላፊ ፍቅረማርያም የመጀመሪያው ይሁን አለ። ለምን ሲባል «ስም ያለው ዕቃ ነዋ!» አለ።

«የምንገዛው ስሙን ነው ሰርቨሩን?» አለችው ኤቢሴ፣ ሰባት የኮሚቴ አባላት ፊት። «ስም ከሆነ የፈለግከው የኔን በነፃ ውሰድ።»

ከዚያ ሰንጠረዧን ዘረጋች። ዋጋ፣ የፍተሻ ውጤት፣ አንድ ሚሊዮን ብር የሚገዛው ጉልበት። የሷ ሰርቨር ከእጥፍ በላይ በልጦ ተገኘ። እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። «ዲግሪ ላይ ማካፈል አያስተምሩም እንዴ?» ብላ ጨመረችበት። ሰዉ ሳቀ፣ ፍቅረማርያም አንገቱን ደፍቶ ፈረመ።

ሰንጠረዡ ውስጥ የፈቃድ ክፍያ የሚባል ዓምድ አልነበረም። ረስታው አይደለም። ባደገችበት ሱቅ ሶፍትዌር በብር ተገዝቶ አያውቅም። ሁሉም ክራክ ነው፤ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እንደ ጉንፋን ይጋባል። ዋጋው ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ቀኑን ሙሉ ሲሳቅበት ይውል ነበር። ስለዚህ ያ ዓምድ ለሷ በዓለም ላይ የለም።

አሁን በስልኳ አሰላችው። አንድ ኮር መቶ ሃምሳ ሺህ ብር። ፈቃዱ ሲደመር የፍቅረማርያም ውድ ሰርቨር አሥራ አራት ሚሊዮን ሆነ። የሷ ርካሽ ሃያ ስድስት። የተረፉትን ኮሮች ብናጠፋቸውስ ብላ አሰበች፤ ገጽ አርባ ሁለት ቀድሟት አስቦበታል። የጠፋም ይቆጠራል።

ውሉ የሚፈረመው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ሰዓት ሆኗል።

ስህተቱ ብቻ ቢሆን ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ትናገረው ነበር። ያስፈራት ሌላ ነው። ኤንቨሎፕ ተከፍቶ፣ ዋጋ ታውቆ፣ አሸናፊ ከተለየ በኋላ ሐሳቡን የሚቀይር ገምጋሚ ስሙ አንድ ነው፤ በልቷል ይባላል። ትናንት ደግሞ የተሸናፊው ድርጅት ሻጭ፣ ጆሲ የሚሉት፣ ደውሎላታል።

«ኤቢዬ፣ እስቲ አንድ ማኪያቶ ልጋብዝሽና እናውራ» አላት።

«ማኪያቶህን ለሚስትህ!» ብላ ዘጋችበት። ስልኩ ላይ የሚቀረው ግን መደወሉ ነው እንጂ የተባባሉት አይደለም።

ሆስፒታሉ ስትደርስ ፍቅረማርያምን ኮሪደር ላይ አገኘችውና ስልኳን አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። ይስቅብኛል ብላ ጠበቀች። ሲያነብ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው፣ አታውቅም ነበር?»

«ምኑን?»

«የኮሩን ክፍያ! ያንን ስትመርጥ ለሱ መስሎኝ!»

«እኔ ስም ያለው ዕቃ ብቻ ነው እኮ ያልኩት» አለ ድምፁን ቀንሶ። ግራና ቀኙን ቃኘ። «ስሚኝ። ዝም በይ፣ ይፈረም። ሲመጣ ዳታቤዙን ክራክ እንጭንበታለን። ሁላችንም ፈርመናል፣ ማን ሊቆጥር ነው?»

በእጇ ክራክ የጫነችባቸው ላፕቶፖች ታወሷት። ስንቱ በሳምንቱ ቫይረስ በልቶት ተመልሷል። ያኔ የሚጠፋው የሠርግ ፎቶ ነበር።

«የበሽተኛ የደም ዓይነት ሲጠፋ ማንን ፎርማት ልታደርግ ነው?» አለችው።

«እንግዲያው ግቢና ንገሪያቸው። ግን ትናንት ጆሲ ሲደውልልሽ አጠገብሽ ነበርኩ። ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

የአሸናፊው ድርጅት ሰዎች እንግዳ መቀበያው ጋ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ነበር። ቀና ሳትል በፊታቸው አለፈች። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ በላይነሽ ቢሮ ስትገባ ውሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፣ ማህተሙም ወጥቷል።

«ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ውሉን አይፈርሙት። ሰንጠረዡ ላይ ተሳስቻለሁ።»

ወይዘሮ በላይነሽ እስኪብርቷቸውን አስቀመጡ። ኤቢሴ አስረዳች። «ሚኒባሱን በርካሽ ገዛነው ይበሉ፤ ግብሩ ግን የሚቆረጠው በወንበር ልክ ነው።» ቁጥሮቹን ጻፈችላቸው። ሴትየዋ በራሳቸው እጅ ደግመው አባዙት፣ ደመሩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ባለፈው ሳምንት ፍቅረማርያም ላይ ያንን ሁሉ ሰው ያሳቅሽ አንቺ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ።»

«ዛሬ ደግሞ ሊፈረም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የተሸነፈው ያሸንፍ ትይኛለሽ።»

«አዎ።»

«ማን ደወለልሽ?»

የፈራቻት ጥያቄ ይህች ናት። ማንም ብትል ትችላለች። 

«ጆሲ። ትናንት ከሰዓት። ማኪያቶ ልጋብዝሽ ሲለኝ ዘጋሁበት። ይኸው» ብላ ስልኩን ውሉ ላይ አስቀመጠችው። «ይፈትሹት።»

ፍቅረማርያም በሩን ገፋ አድርጎ ቆሞ ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ቀና ብለው አዩት። «ሌላ ማን ያውቃል ይህን?»

«እሱ። አሁን ኮሪደር ላይ አሳይቼው፣ ዝም በይ፣ ክራክ እንጭናለን አለኝ።»

«ኧረ እኔ እንደዛ... እንደ አማራጭ ነው ያነሣሁት» ብሎ ተንተባተበ።

ወይዘሮ በላይነሽ ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ቢጮሁ ይሻል ነበር።

«የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ሁለታችሁም እዚህ አኑሩ። ስልኩም ይቆይ። ኦዲተሩ እስኪመጣ ውጭ ጠብቁኝ። እንግዶቹን እኔ እሸኛቸዋለሁ።»

እንደ ተራ ጠባቂ ሕመምተኛ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ መሃላቸው አንድ ሰው የሚበቃ ክፍተት ትተው።  ኤቢሴ ብትባረር የስልክ ሱቁ ይቀበላታል። በላች የሚለው ወሬ ግን ከሷ ቀድሞ ማዞሪያው ላይ ይወርዳል። ተሳሳተች ቢባል በምላሷ ትመክታለች፣ ለዚህ ግን ምላስም አይሠራለትም።

«ቢሆንም» አለ ፍቅረማርያም፣ «ልክ የሆነው እኔ የመረጥኩት ነው።»

«ልክ ነህ። ለምን ልክ እንደሆንክ ግን ያስረዳሁህ እኔ ነኝ።»

«አሁንም ምላስሽ!»

«እሱን አስረክቢ አላሉኝማ።»

ሊስቅ አሰበና ተወው። ኦዲተሩ ወፍራም ፋይል በብብቱ ይዞ በፊታቸው አለፈ፣ ሰላም እንኳን አላላቸውም። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ፍቅረማርያም ጥፍሩን መብላት ጀመረ። እሷ የበሩን እጀታ ብቻ ታያለች።

እጀታው ዞረ።

«ኤቢሴ፣ መጀመሪያ አንቺ ግቢ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

ተነሥታ፣ ፍቅረማርያምን ወደኋላ ሳታይ ገባች።