ለሁሉም የተዳረሰ መድኃኒት

በዚህ አቦቦ አካባቢ ባለ የሰፈራ መንደር ለብቻ መብላት ነውር ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ከመጡ ጀምሮ፣ የእርዳታ ስንዴም ይሁን ከአልዌሮ ወንዝ የተያዘ ዓሣ ለየደጃፉ ሳይዳረስ አይነካም። አባይነሽ ደግሞ በስስት የምትታማ ሴት አይደለችም። ባሏ ወንዳፈረው የበቆሎ ማሳ ሲመነጥር ገጀራ እግሩን ቆርጦት፣ ቁስሉ መግል ቋጥሮ ከጤና ጣቢያ ካፕሱል ሲሰጠው፣ ታዲያ ምን ታድርግ? የጎረቤቷ የከይሪያ ልጅ ያስላል፤ ማዶ ያለችው አራስ ጡቷ አብጧል። ካፕሱሉን እየከፈተች ዱቄቱን በማንኪያ ጫፍ ለሁሉም አዳረሰች። ባሏም ድርሻውን ዋጠ።

የሚገርመው፣ ቁስሉ ጠገግ አለ። አባይነሽም ኮራች። ብዙ ሳይቆይ ግን እግሩ እንደገና አበጠ፣ ሸተተም፤ ይዛው ጋምቤላ ከተማ ሆስፒታል ገባች።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ኛፑዎክ ከቁስሉ የወሰደችውን መግል ያሳደገችበትን ትንሽ ሰሃን አሳየቻት። ጀርሞቹ እንደ ሻጋታ ነጣ ብለው ሰሃኑን ሸፍነዋል፤ በላያቸው መድኃኒት የነካቸው ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል።

«ይሄ ወረቀት ዙሪያው ንጹሕ ነው፤ ጀርም ሞቷል። ይሄኛው አባባ በፊት የዋጠው መድኃኒት ነው፤ እናቴ እዪው፣ እስከ ጫፉ በቅሏል። መድኃኒት ትንሽ ሲሆን ደካማው ጀርም ይሞታል፣ ጠንካራው ይቀራል። ከዚያ እሱ ይራባል። አባባ ሙሉውን ነው የዋጠው?»

አባይነሽ መሬት መሬቱን አየች። «አካፈልኩት» አለች። አፈረች፤ ከማፈርም አልፋ ራሷን ጠላች።

ሁለት የእግር ጣቶቹ ተቆረጡ። ሐኪሙ ጀርሙን የሚገድለውን መድኃኒት ሰጥቶ፣ «አሁንም ከጎደለ እግሩን ያጣል» ብሎ አሰናበታቸው።

እቤት በገቡ ማግሥት ከይሪያ ትኩሳት ያቃጠለውን ልጇን አዝላ መጣች።

«ከመድኃኒቱ ለልጄ ትንሽ ጣል አድርጊልኝ፣ አባይዬ።»

«አልሰጥሽም። ጤና ጣቢያ እንውሰደው፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ከይሪያ ከዚህ ቤት እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም። «አላህ ያሽረው» እንኳ ሳትል ወጣች።

ወንዳፈረው ካፕሱሉን በመዳፉ እንደያዘ ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። «ግማሹን ብትሰጫት ምን አለበት? ልጅ እኮ ነው።»

«ዋጠው» አለችው አባይነሽ፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። «እያየሁህ ዋጠው።»