በአመዳይ የታጠበች ዲኤክስ

በጥር ወር፣ ደብረ ታቦር ላይ ጎህ ሳይቀድ መኪና የሚያጥብ ሰው ወይ እንጀራው ነው፣ ወይ ልጁን ሊድር ነው። አለምነው ልጁን ሊድር ነበር። የሰው መኪና ተውሶ፣ ያውም አቧራ እንደለበሰ፣ አማቾቹ ደጅ ሄዶ መቆም ለእሱ ሞት ነው። ላቫጆዎቹ የሠርግ ወር ሆኖባቸው ወረፋቸው አያልቅም። በሌሊት መጥቼ አጥባለሁ ብሎ የማለለት ጎረምሳም ስልኩን አጥፍቶ የት እንደገባ አልታወቀም። አለምነው ጎረምሳውን ከነዘር ማንዘሩ ረግሞ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ወጣ።

ግቢው ውስጥ አራት መኪኖች ተደርድረዋል፤ አራቱም ከዘመድና ከወዳጅ የተለመኑ። አመዳዩ ጣራቸውን አልብሷቸዋል። የበርሜሉ ውኃ አናቱ ላይ ስስ በረዶ ይዞ ስለነበር በጣሳ መትቶ ሰበረው። ሚስቱ ሰብለወንጌል ከማድ ቤት ብቅ ብላ ውኃ ላሙቅልህ ብትለው አይሆንም አላት። ባለፈው ዓመት አንድ ጎረቤታቸው ቸኩሎ አመዳይ በያዘ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ ቢደፋ፣ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ሙሽራው በስንጥቅ እያየ ነው የሄደው። ለእጅህስ አለችው። እጄ አይሰነጠቅም አላት። እልኸኛ መሆኑን ስለምታውቅ ተመልሳ ገባች።

እልኸኛነቱን እሷ ብቻ ሳትሆን አገር ያውቀዋል። ገሳይ ከሚኖረው ታላቅ ወንድሙ ከጥላዬ ጋር ከተኳረፈ ድፍን አራት ዓመት ሆኖታል። አባታቸው ያረፉ ዕለት አለምነው እህል ሊገዛ እብናት ወርዶ ነበር። ወሬው እንደደረሰው እየበረረ ቢመጣም፣ ሲደርስ ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ነው። አባቱን አፈር ሳያለብስ ቀረ። ጥላዬ ትንሽ ቢታገሰው ይደርስ ነበር፤ አልታገሰውም። ከዚያ ወዲህ ጥላዬ ስንት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር ምክንያት ይዘው ይመጣሉ። ካህናቱ ቸኮሉ፣ ፀሐዩ ከረረ፣ ስልኩ አልሠራ አለ። አለምነው ግን የፈለገው ምክንያት አልነበረም። የወንድሙን ስም መጥራት ትቶ «ሰውዬው» ይለው ጀመር።

ይህ ኩርፊያ አሁን ዞሮ ከሠርጉ ላይ አረፈ። ሙሽራው ፋሲል በአጎቱ ትከሻ ላይ ያደገ ልጅ ነውና፣ ያለ እሱ ምርቃት ማግባት አልሆንልህ አለው። አባቱን ደጋግሞ ለመነ። አለምነው በመጨረሻ፣ ሰውዬው ከመጣ እኔ ሙሽራዋ አገር አንበሳሜ አልሄድም፣ ሙሽራህን ከእሱ ጋር ሆነህ አምጣ ብሎ ነገሩን ዘጋው። እንግዲህ ልጁ ከሁለት አንዱን አጥቶ ሊያገባ ነው። ሰብለወንጌል ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ሰነበተች። እውነቱን ለመናገር አለምነውም ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ነው የተፀፀተው። ግን የተናገረውን መመለስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

ሦስቱን መኪኖች አጥቦ ወደ አራተኛዋ ሲዞር ጣቶቹ መታጠፍ እንቢ ብለውታል። ፋሲል ትናንት ማታ የጓደኛዬ ናት ብሎ ያስገባት ነጭ ዲኤክስ ናት። አርጅታለች፤ አያያዟ ግን ደስ ይላል። ወንበሯ ጨርቅ ለብሷል፣ ተጭሮ የነበረው በሯ በጥንቃቄ ተቀብቷል። አሮጌ ነገር እንዲህ የሚይዝ ሰው ጨዋ መሆን አለበት ብሎ አሰበና ባለቤቷን ሳያውቀው ወደደው። ስለዚህ ከሌሎቹ ይልቅ ለእሷ ተጠነቀቀ። ኦሞውን ጨመር አድርጎ ጣራዋን፣ በሮቿን፣ መስታወቷን ሁለት ሁለት ጊዜ አሸ። ከዚያ ውርጩ ላይ ተንበርክኮ ጎማዎቿን በብሩሽ መፈግፈግ ያዘ።

አራተኛው ጎማ ላይ ሲደርስ አንድ ሰው ከአጥሩ በር ላይ ሳል አለ። ቀና ቢል ጥላዬ ነው። ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ፣ አፍንጫው ቀልቶ፣ ቁልፍ ይዞ ቆሟል። አለምነው ቁልፉን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ደሙ ፈላ። ሰውዬው መኪና ገዛ ሲባል ሰምቷል እንጂ በዓይኑ አይቷት አያውቅም።

«ያንተ ናት?»

«የኔ ናት። ብርድ ሲነካት ከእኔ በቀር ለማንም አትነሳም። ሳትነቃ አስነስቼላችሁ ልመለስ ነበር።»

«ያንተ መሆኗን ባውቅ ጠብታ ውኃ አላፈስባትም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ጥላዬ። «ስታጥባት ቆሜ አይቼሃለሁ። ስትጨርስ ልግባ ብዬ ጠበቅሁህ።»

«ዛሬ መጠበቅ አማረህ?»

አለምነው ብሩሹን እንደያዘ የለመዳቸውን ምክንያቶች ጠበቀ፤ ካህናቱን፣ ፀሐዩን፣ ስልኩን። ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ አራት ዓመት ሙሉ የተሰናዳ ነው።

«አባባን ሳልጠብቅህ ቀበርሁት» አለ ጥላዬ። «ማንም አላቻኮለኝም። ካህናቱማ እንታገሰው ብለውኝ ነበር። የበኩር ልጅ ነኝ፣ የማዝዝ እኔ ነኝ ብዬ፣ በሰው ፊት ትልቅ ለመባል ነው። ሽማግሌ የላክሁብህ ይችን በራሴ አፍ መናገር አፍሬ ነው። በደልሁህ፣ አለምነው።»

የተሰናዳው መልስ ሁሉ ለዚህ አልሆነም። አለምነው ጎማውን ተደግፎ ሊነሣ ሞከረ። ብሩሹ ከእጁ ሲወድቅ እንኳ አልታወቀውም። ጥላዬ ቀረብ ብሎ ደግፎ አነሣውና እጆቹን አያቸው። አብጠዋል፣ ደም መስለዋል። ምንም ሳይል ጋቢውን ገለጠና የወንድሙን እጆች ብብቱ ውስጥ ከተታቸው፤ ልጅ ሳሉ በብርድ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንደሚያደርገው። አለምነው እጁን አልሳበም። እንባው መጣበት፤ የሚጠርግበት እጅ ስላልነበረው ዝም ብሎ ወረደ።

«አንዲት ጎማ ቀርታኛለች፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

«ትቅር።»

ፋሲል ሱሪውን ብቻ ለብሶ፣ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ብቅ ሲል ሁለቱን እንደዚያ ሆነው አገኛቸው። ከደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሰብለወንጌልም ከኋላው መጥታ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ምን ትገተራለህ?» አለው አባቱ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ናና የአጎትህን ጉልበት ሳም። መንገዱ ሩቅ ነው።»

ልጁ ሊሮጥ ሲል ጥላዬ ራሱን ነቀነቀ።

«ይጠብቅ» አለ። «እጅህ ገና አልሞቀም።»